ሳሞሲርን በብስክሌት፦ ዙሪያውን መጨረስ ወይስ መንደሩ ላይ መቆም?

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከሱማትራ በተመለስኩ በሳምንቱ ነው የጻፍኩት። ሦስት ቀን ሙሉ በኪራይ ብስክሌት ሳሞሲር ደሴት ላይ ቆይቼ ነበር፤ ያየሁት ነገር ከልቤ አልወጣ አለኝ። ምላሹ ከጠበቅኩት በላይ በዛ። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉን ማንበብ እያታከተው፣ የተመለሰ ጥያቄ ደግሞ ይጠይቃል። ስለዚህ እስካሁን የተባባልነውን በየተራው ላውጋችሁ።

መነሻው

ቶባ ሐይቅ ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ በሰሜን ሱማትራ ነው። የዛሬ 74,000 ዓመት ገደማ አንድ ግዙፍ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። መሬቱ ወደ ውስጥ ሰመጠ፤ ጉድጓዱን ውሃ ሞላው። ሐይቁ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ጥልቀቱም 500 ሜትር ይደርሳል። መሃሉ ላይ ሳሞሲር አለ፤ 640 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የቶባ ባታክ ሕዝብ አገር። ሐይቁ ራሱ ከባሕር ወለል 900 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ጥላ ሥር ከሆንክ አየሩ ደስ ይላል። ፀሐዩ ግን የምድር ወገብ ፀሐይ ነው፤ ክንድ ይልጣል።

የኔ መንገድ ከቱክቱክ መንደር ተነስቶ በሰሜኑ ዳርቻ አምባሪታን፣ ሲማኒንዶን አልፎ ፓንጉሩራን ከተማ ይገባል። ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። በግራ እጅ ሐይቁ ሳይሆን የሩዝ ማሳው፣ በቀኝ ሐይቁ። በየማሳው መሃል የቀርከሃ አጥር የከበበው ነገር ይታያል። ያ ነው መንደሩ፤ እነሱ ሁታ ይሉታል። በመኪና ካለፍክ ቀርከሃውን ብቻ አይተህ ታልፋለህ። በብስክሌት ከሆንክ ግን መግቢያው ይታይሃል፤ ትወርዳለህ፤ እየገፋህ ትገባለህ።

ውስጡ ሰፊ ግቢ ነው። በአንድ ወገን ቤቶቹ ተደርድረዋል፤ ፊት ለፊታቸው ሶፖ የሚባሉት የሩዝ ጎተራዎች ይቆማሉ። ቤቱ በወፋፍራም ምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ ነው የተሠራው። ድሮ ከብቱ ከሥሩ ያድር ነበር። ጣሪያው እንደ ኮርቻ መሃሉ ጎድጎድ ብሎ ሁለቱ ጫፍ ወደ ሰማይ ይወጣል። እንጨቱ በእንጨት ነው የተያያዘው፤ ሚስማር አልገባበትም። ግንባሩን ጎርጋ የሚሉት ቅርጽ ሞልቶታል፤ ቀይ፣ ነጭና ጥቁር ብቻ። በሩ ዝቅ ያለ ነው። ማንም ይሁን ማን አንገቱን ደፍቶ ነው የሚገባው። የድሮው የዘንባባ ጭረት ክዳን ግን በብዙ ቤት ላይ በቆርቆሮ ተተክቷል፤ ይህ አሳዝኖኛል።

ያልኩት ነገር ይህ ነው፦ ሳሞሲር በብስክሌት ነው የሚታየው፤ ግን ዙሪያውን ለመጨረስ የሚጣደፍ ሰው አያየውም። ሰሜኑን ዳርቻ ይዛችሁ በየሁታው ቁሙ። ከዚያ የሌላውን ሰው ሐሳብ ጠየቅኩ።

ምላሾቹ

ምላሽ 1፦ ኳላ ላምፑር የምትማር እህት ናት። በጣም አመስግና እንዴት እንደሚደረስ ጠየቀች።

ምላሽ 2፦ ጃካርታ የሚሠራ ሰው መለሰላት። በአውሮፕላን ሜዳን ከተማ ትገቢያለሽ፤ ከዚያ እስከ ፓራፓት በመኪና ግማሽ ቀን ያህል ያዢለት፤ ከፓራፓት ቱክቱክ በጀልባ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም ነው ያለው። ለሐይቁ ቅርብ የሆነው የሲላንጊት አውሮፕላን ማረፊያ እንደሆነም ጨመረ። እኔም ብስክሌት በጀልባው ላይ እንደሚጫን ነገርኳት።

ምላሽ 3፦ የመጀመሪያው እርማት። ሳሞሲር ከመነሻው ደሴት አልነበረም አለ ጸሐፊው። በምዕራብ፣ ፓንጉሩራን ላይ፣ በቀጭን የመሬት አንገት ከዋናው ምድር ጋር የተያያዘ ነበር። ሆላንዶች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንገቱን በቦይ ቆረጡት። ልክ ነው፤ ተቀብያለሁ። ለብስክሌተኛ ደግሞ ይህ ትልቅ ወሬ ነው። ቦዩ ላይ ድልድይ አለ። ያለ ጀልባ ወደ ዋናው ምድር ትሻገራለህ ማለት ነው። ከድልድዩ ወዲያ የፑሱክ ቡሂት ተራራ ይቆማል፤ ባታኮች የመጀመሪያው አባታችን የወረደው እዚህ ነው የሚሉት። ግርጌው ላይ ፍል ውሃ አለ። ቀኑን ሙሉ ፔዳል ለረገጠ እግር እንዴት ያለ በረከት መሰላችሁ!

ምላሽ 4 እና 5፦ አራተኛው ሳሞሲር ከሲንጋፖር ይበልጣል አለ። አምስተኛው ሲንጋፖር ባሕሩን እየደለደለች አሁን ከ700 ካሬ ኪሎ ሜትር ማለፏን ነገረው። ከሲንጋፖር ይበልጣል የሚለው ብዙ ቦታ ላይ ተጽፎ የሚገኝ ስህተት ነው።

ምላሽ 6፦ እዚህ ላይ ነገሩ ከረር አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ጎህ ሲቀድ ብስክሌት የሚነዳ ወንድም ነው። 40 ኪሎ ሜትር በሦስት ቀን የሄደ ሰው ብስክሌት ለምን እንደተከራየ አልገባኝም አለ። የደሴቱ ዙሪያ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም በደንብ የተዘጋጀ ሰው በአንድ ቀን ይጨርሰዋል፤ እኔም ለመጪው ወር ቲኬት ቆርጫለሁ፣ አሳያችኋለሁ አለ። ሰው ስንፍናን እንደ ጥበብ አድርጎ አይምከር ብሎም ጨመረበት።

ቃሉ ከብዶኝ ነበር። የመለስኩለት ባየሁት ነገር ነው። ፓንጉሩራን ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ ሉምባን ሱሂ ሱሂ የሚባል የሸማኔዎች መንደር አለ። ቤቶቹ ሥር ሴቶች መሬት ላይ እግራቸውን ዘርግተው ይሸምናሉ። የድሩን አንድ ጫፍ በወገባቸው ወጥረው ይይዙታል። እኛ አገር ሴቷ ትፈትላለች፣ ሸማኔው ወንድ ነው፤ እዚያ ሽመናው የሴት ነው። የሚሠሩት ኡሎስ ይባላል። ሲወለድ፣ ሲጋባ፣ ሲሞት የሰው ትከሻ ላይ የሚጣል ጨርቅ ነው። አንዲት እናት አጠገባቸው እንድቀመጥ መሬቱን በእጃቸው መታ መታ አደረጉልኝ። ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ቋንቋ አልነበረንም። በመጨረሻ ሊጨርሱት የቀረውን በጣታቸው ለክተው አሳዩኝ፤ አንድ ስንዝር ያህል ነበር። ያን ቀን የሄድኩት 9 ኪሎ ሜትር ነው። አልቆጭም አልኩት። እሱ ለጊዜው ዝም አለ።

ምላሽ 7፦ ጠቃሚ ነው፤ እኔ ረስቼው ነበር። ኢንዶኔዥያ ውስጥ የሚነዳው በግራ በኩል ነው። በቀኝ ለለመድን ሰዎች ችግሩ ቀጥታ መንገድ ላይ አይደለም፤ ቆም ብለህ እንደገና ስትነሳ ነው። እጅህ ራሱ ወደ ለመደው ይወስድሃል። ጸሐፊው ከሁታ በወጣህ ቁጥር ለራስህ ግራ በል፣ አፍህን አውጥተህ በል ይላል።

ምላሽ 8፦ ስለ ኪራይ ብስክሌቶች የጠየቀ አለ። ያጋጠመኝን ሳልደብቅ ነገርኩት። የመጀመሪያ ቀን የወሰድኩት ብስክሌት የኋላ ፍሬኑ አይዝም ነበር። ቁልቁለት ላይ ነው ያወቅኩት። እግሬን መሬት ላይ እየጎተትኩ ቆምኩ፤ የጫማዬ ሶል ተገነጠለ። ባለቤቱን ስነግረው ሌላ ሰጠኝ፤ ሲሰጠኝ ግን አልተገረመም። ከመክፈላችሁ በፊት ሁለቱንም ፍሬን፣ ካቴናውንና ማርሹን እዚያው ሞክሩ። መንፊያና መጠገኛ ያዙ። በየመንገዱ የሞተር ሳይክል ጎማ የሚጠግኑ ቤቶች አሉ፤ ብስክሌትም አይመልሱም።

ምላሽ 9፦ አንዲት እህት የጾም ነገር አሳሰባት። ባታኮች ክርስቲያን ናቸው፤ የአሳማ ሥጋ ይወዳሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ የኦርቶዶክስ ልጅ ምን ትበላለች ብላ ጠየቀች።

ምላሽ 10፦ ከሜዳን የመጣ መልስ ነው፤ ረጅምና ጥሩ። ላፖ በሚባሉት መጠጥ ቤቶች በር ላይ ቢ 2 ተብሎ ከተጻፈ አሳማ ነው። ቢ 1 ከሆነ ደግሞ የውሻ ሥጋ ነው፤ ይህን አውቃችሁ ግቡ አለ። ላፖ ውስጥ የሚጠጣው ከዘንባባ የሚቀዳ ቱዋክ ነው። ለጾም ከአኩሪ አተር የሚሠሩት ቴምፔና ቶፉ በየቦታው አሉ። ጾም ካልሆነ ግን አርሲክን ሳይቀምስ የሚመለስ ሰው ያሳዝነኛል አለ። አርሲክ በቅመም ቀስ ብሎ የበሰለ ዓሣ ነው። አንዳሊማን የሚሉት ፍሬ ይገባበታል፤ ምላስን ነዘር ነዘር ያደርጋል። እኔም በልቼዋለሁ፤ ለግማሽ ሰዓት ከንፈሬ አልተመለሰም።

ምላሽ 11፦ ሙስሊም ወንድማችን ሐላል የሚል ጽሑፍ ያላቸው ምግብ ቤቶች ፓንጉሩራንና ቶሞክ እንዳገኘ ነገረን። አጭርና ጨዋ።

ምላሽ 12፦ ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ዓሣ ዞረ። ጸሐፊው የዓሣ ሙያ ያለው ሰው ነው። ቶባ ላይ በተንሳፋፊ የመረብ ቤት የሚረባው ዓሣ ኒላ ይባላል። ስሙ የመጣው ከናይል ነው። የኛው ቆሮሶ ማለት ነው! እዚያ ድረስ ሄዶ የደሴት ሰው እራት ሆኗል። ግን ሲበዛ ሐይቁ ይታመማል አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሐራንጋኦል በሚባለው ዳርቻ ውሃው አየር አጥሮት እጅግ ብዙ ዓሣ በአንድ ጊዜ አልቋል። በሐይቁ ዳር የሚነዳ ሰው መረቦቹን ሲያይ ይህንንም ያስብ ብሏል።

ምላሽ 13፦ ቡና። ይህ መምጣቱ አይቀርም ነበር። አንዱ የሱማትራ ቡና አፈር አፈር ይላል፣ የኛን የሚያህል የለም ብሎ ጻፈ። ከሥሩ አራት ሰው ተንጫጫበት። ረጋ ብሎ ያስረዳው አንድ ቡና ቀማሽ ነው። አረቢካ ከኛ ደጋ ነው የወጣው፤ ወደ ኢንዶኔዥያ ያደረሱት ሆላንዶች ናቸው። ከሐይቁ በስተደቡብ ሊንቶንግ አካባቢ ያሉት ገበሬዎች ገለፈቱን የሚያወልቁት ፍሬው ገና እርጥብ ሳለ ነው። የሚዘንብበት አገር ስለሆነ ማድረቁ ይከብዳል። ያ ጣዕም ከዚያ የሚመጣ ነው፤ ጉድለት አይደለም አለ። እስማማለሁ። ዳገት ከጨረስክ በኋላ ጥላ ሥር ያንን ቡና በሙሉ ብርጭቆ ስትጠጣ ለመከራከር ጊዜ የለህም።

ምላሽ 14፦ ክሩን ያጋጋለው ይሄኛው ነው። አምባሪታ ሄዶ ነበር። እዚያ ሲያላጋን የሚባለው ሁታ ውስጥ፣ ትልቅ ዛፍ ሥር፣ በክብ የተደረደሩ የድንጋይ ወንበሮች አሉ። ንጉሡና ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ይፈርዱ ነበር። ከዚያ አልፎ ሌላ የድንጋይ ቦታ አለ፤ ሞት የተፈረደበት የሚገደለው እዚያ ነው። አስጎብኚው የተገደለውን ሰው ሥጋ ይበሉ ነበር ብሎ ይተርካል። ጸሐፊው ይህንን ብቻ አንስቶ፣ ስለ ሕዝቡ የማልደግመውን ቃል ጻፈ።

ምላሽ 15፦ ጃካርታ ያለው ሰውዬ ተመለሰ። ምላሽ 2 ላይ እንዴት ያለ ትሁት ነበር! አሁን ግን አልማረውም። አንድ ወንበር ያየህበትን ሕዝብ በአንድ ወሬ አትመዝነው አለው። ሰው በላ የሚለውን ወሬ ማርኮ ፖሎም ስለ ሱማትራ ጽፎታል። ወሬው ለውጪ ሰውም ለባታኮቹም ጠቅሟል ይላል። የውጪው ሰው ሊገዛቸው ሲፈልግ ምክንያት ሆነው፤ እነሱ ደግሞ እንግዳ ከተራራቸው እንዲርቅ አስፈራሩበት። አንተ ያየኸው ግን ፍርድ ቤት ነው፤ ሽማግሌ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲፈርድ ከኛ በላይ ማን ሊገባው ነው አለ። ምላሽ 14 ይቅርታ ጠየቀ። በደንብ ጠየቀ፤ ይህን መጻፍ አለብኝ።

ምላሽ 16፦ አንድ አባት ናቸው። ልጃቸው ጋር አሜሪካ ይኖራሉ፤ ሱማትራን አላዩም። ሲጋሌ ጋሌ የሚባለውን የእንጨት አሻንጉሊት ፎቶ አይተው ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ቶሞክ ላይ አይቼው ስለነበር መለስኩላቸው። ሰው የሚያክል የተቀረጸ እንጨት ነው። በገመድ እየተሳበ ይጨፍራል። አፈ ታሪኩ አንድ ንጉሥ ልጁ ሞቶበት በሐዘን ሲታመም በልጁ አምሳል አሠርተው አስጨፈሩለት ይላል። ድሮ ወንድ ልጅ ሳይተካ የሞተ ሰው ቀብር ላይ ነበር የሚጨፍረው። አሁን ለእንግዳ ይጨፍራል። እርሳቸው ለረጅም ጊዜ አልመለሱም። ከዚያ ልጅ የሞተበት ሰው ይገባዋል ብለው ብቻ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ቀን ማንም ምንም አልጻፈም።

ምላሽ 17፦ ለኔ የክሩ ልብ ይህ ነው። ጀርመን አገር የምትኖር፣ የመካነ ኢየሱስ ልጅ የሆነች እህት ጻፈችው። የባታኮቹ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ኤች ኬ ቢ ፒ ይባላል፤ ሉተራን ነው። መካነ ኢየሱስም እሱም የአንድ ዓለም አቀፍ የሉተራን ኅብረት አባላት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1862 ሱማትራ የገባው ኖመንሰን የሚባል የጀርመን ሚስዮናዊ ስሙ እስከ ዛሬ በየቤቱ ይነሳል። እሁድ እዚያ ብታድሩ ብስክሌታችሁን በር ላይ አቁማችሁ መዝሙሩን ስሙ ትላለች። አራት ድምፅ ነው፤ ሽማግሌው፣ ሕፃኑ ሁሉ የየራሱን ድምፅ ያውቃል።

ከዚያ ስለ ዝምድና ነገረችን። ባታክ ከባታክ ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ማርጋህን፣ ጎሣህን ነው። ትውልድ ይቆጥራሉ። አንድ ማርጋ ያላቸው አይጋቡም። እኛ ሰባት ቤት እንደምንቆጥረው ማለት ነው። የኑሯቸው መሠረት ዳሊሃን ና ቶሉ ይባላል። ትርጉሙ ሦስቱ የምድጃ ድንጋይ ነው። ሦስት ጉልቻ! አንዱ ጉልቻ የሚስት ወገን ነው፤ ይከበራል። ሁለተኛው የገዛ ጎሣህ ነው፤ ከሱ ጋር በጥንቃቄ ትኖራለህ። ሦስተኛው ሴት ልጅህን የሰጠኸው ወገን ነው፤ በፍቅር ትይዘዋለህ። አንዱ ከጎደለ ድስቱ ይደፋል። ይህን ሳነብ ተነስቼ ቆምኩ። ሦስት ቀን ሙሉ በየሁታው ምድጃ ሳይ ከርሜ፣ የቆጠርኩት ድንጋይ አልነበረም።

እሷ ስለ መቃብሮቹም ጽፋለች። በየሩዝ ማሳው መሃል ቤት የሚያህል፣ መስቀል ያለበት የሲሚንቶ ሐውልት ታያላችሁ። የአባቶች አጥንት ከመጀመሪያው መቃብር ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ዘመድ ሁሉ ተጠርቶ በትልቅ ድግስ እዚያ ይገባል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ማሳው ውስጥ ያለውን ሰው በዓይናችሁ ፈቃድ ጠይቁ አለች።

ምላሽ 18፦ ሲማኒንዶ ስደርስ ብስክሌቴን ይዤ ወደ ቲጋራስ በጀልባ ልሻገር ወይ ያለ ነበር። ምላሽ 10 የጻፈው ሰው መለሰለት። እ.ኤ.አ. በጁን 2018 ሲናር ባንጉን የምትባል ጀልባ ከሲማኒንዶ ተነስታ በዚያው መስመር ላይ ሰጠመች። ለ43 ሰው የተሠራች ነበረች፤ ከ160 በላይ ሰው የገባበት ጠፋ። ጀልባዋ 450 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ተገኘች፤ አልወጣችም። ጊዜው የኢድ በዓል ሰሞን ነበር። ስለዚህ ጀልባው ከሞላ የሚቀጥለውን ጠብቅ፤ የመንሳፈፊያ ጃኬት ከሌለ አትሳፈር ብሎ ጨረሰ። እኔም እዚያ ወደብ ላይ ተቀምጬ ሐይቁን ሳይ ጸጥታው ከብዶኝ ነበር፤ ምክንያቱን ያወቅኩት ኋላ ነው።

ምላሽ 19፦ ልጅ ይዞ መሄድ ይቻላል ወይ ያለች እናት ናት። ከቱክቱክ አምባሪታ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጠዋት ከሆነ ይቻላል አልኳት። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይመጣል።

ምላሽ 20፦ ምላሽ 6 ተመለሰ። ሄዶ መጣ! ዙሪያውን በአንድ ቀን ለመጨረስ ወጥቶ በሁለት ቀን ጨርሶታል። ሰሜኑን እንደ ንፋስ አለፍኩት አለ፤ አልደበቀም። ሐሳቡን የቀየረው ደቡቡ ነው። ከኦናን ሩንጉ ወደ ናይንጎላን ያለው መንገድ ላይ አንድም ጎብኚ አላየሁም ይላል። ሁታዎቹ ትኬት የላቸውም፤ ጭፈራ የላቸውም፤ ሰው ቤቱ ውስጥ እየኖረ ነው። ሕፃናቱ እየሮጡ ሆራስ እያሉ ሸኙኝ፤ ሆራስ ሰላምታቸው ነው። ጀምበር ስትጠልቅበት ናይንጎላን አደረ። የሚቆመውስ እዚህ ነው፤ አንተ ግን ሰውን ሁሉ ወደ ሰሜን ትልካለህ አለኝ።

እውነቱን ነው። እኔ ደቡቡን አልረገጥኩትም፤ ሳልረገጠውም ሰሜኑን ያዙ ብዬ ጽፌያለሁ። መነሻውን ጽሑፍ ዛሬ አስተካክለዋለሁ። እስከዚያ አንድ ነገር ጠይቄዋለሁ፦ ከቶሞክ ወደ ኦናን ሩንጉ ያለው ዳገት ብስክሌት ጭነት ይዞ ይወጣል ወይ? መልሱን እየጠበቅኩ ነው።